ቀዩ ቦታ ምን እያለ ነው? የሰው ጥግግት ካርታን በእግረኛ ሲሙሌሽን መሥራትና ማንበብ

የእግረኛ ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሰዎች በአንድ ቦታ ሲንቀሳቀሱ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ ሞዴል፣ የሠራ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ሥዕል ያወጣል። የወለል ፕላን ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባበት የጥግግት ካርታ። ሪፖርት ላይ ሲገባ ያምራል፣ ስብሰባ ላይም ሁሉም ሰው የሚያየው እሱን ነው። ግን ያንኑ ሲሙሌሽን ሳትነኩ ሁለት ቁጥር ብቻ ቀይራችሁ ቀዩን አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን ቀይ ማድረግ ትችላላችሁ። ማንንም ለማታለል ሳታስቡ፣ ሶፍትዌሩ የሰጣችሁን መነሻ ቁጥር እንዳለ በመቀበላችሁ ብቻ።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለአንድ ትልቅ አዳራሽ የመውጫ ጥናት አማካይ የጥግግት ካርታ አውጥቼ አቀረብኩ። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ። አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ትኩር ብለው አዩትና "ልጄ፣ ይሄ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ። አዳራሹ ባዶ የነበረበትን ሰዓት ሁሉ ጨምሬ ነበር አማካዩን ያወጣሁት። በሩ ላይ ሰው ተጣብቆ የቆመበት ሩብ ሰዓት በባዶው ሰዓት ውስጥ ሟሙቶ ጠፍቷል። ያ አረንጓዴ ካርታ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም አስበዋለሁ።

ስለዚህ ሥራውን ከሥር ጀምሮ በአንድ ምሳሌ እንሂድበት። ምሳሌው ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ቦታ ነው፦ አንድ ደብር በዓመታዊ ንግሡ ቀን። ግቢው ውስጥ 3000 ሰው አለ እንበል። ዋናው በር 4 ሜትር ስፋት አለው። በስተጀርባ 2 ሜትር የሆነ ሌላ በር አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ወደ መንበሩ ሲመለስ ሕዝቡ ወደ በሩ ይጎርፋል። ቁጥሮቹ ለመለማመጃ የወሰድኳቸው ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን ቦታ ተኩበት።

መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ

ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር "ምን ማወቅ ነው የምፈልገው?" የሚለውን ወረቀት ላይ አስፍሩ። "ግቢው ይጨናነቃል ወይ?" ጥያቄ አይደለም፣ በንግሥ ቀን መጨናነቁማ አይቀርም። "ሕዝቡ ሲወጣ በሩ አካባቢ በካሬ ሜትር ከ3 ሰው በላይ የሚሆንበት ጊዜ ስንት ደቂቃ ነው? የጀርባው በር ቢከፈትስ?" ይሄ ጥያቄ ነው። የትኛውን ካርታ፣ ለየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው መለኪያ እንደምታወጡ የሚወስነው እሱ ነው።

ፕላኑን በዕለቱ እንደሚሆነው አድርጋችሁ ሣሉ

ፕላኑን ከካድ (በኮምፒውተር ንድፍ ከሚሣልበት ሶፍትዌር) ስታስገቡ አሃዱን አረጋግጡ። አርክቴክቶች አብዛኛውን ጊዜ በሚሊሜትር ነው የሚሠሩት፣ ሲሙሌሽኑ ደግሞ ሜትር ይፈልጋል። የአንዱን በር ስፋት ለክታችሁ 4 ካለ ጥሩ፣ 4000 ካለ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ከዚያ ዋናው ነገር። ፕላኑ ላይ በሩ 4 ሜትር ነው። በንግሥ ቀን ግን በሩ ግራና ቀኝ ጧፍ ሻጭ አለ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ አለ፣ ምጽዋት የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ሰው በትክክል የሚያልፍበት 2 ሜትር ከግማሽ ቢቀር ነው። ያንን በሞዴሉ ውስጥ እንደ እንቅፋት አስገቡት። ሰው የማይረግጠውን ቦታም፣ የአበባ መደቡን፣ የቆመውን መኪና፣ የድንኳኑን ካስማ፣ ከሚረገጠው ወለል ላይ ቁረጡት። እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው ኋላ የሚያወጣው ካርታ የሌላ ቀን ካርታ ነው።

ሰዎቹን አስገቡ፣ ከዚያ ሲሙሌሽኑን በወረቀት ሒሳብ ፈትኑት

የምትጠቀሙበት የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ማስሞሽንም ሆነ ቪስዎክ፣ ፓዝፋይንደርም ሆነ ኤኒሎጂክ፣ ሁሉም ሰው የሚገባበትን ወይም የሚነሣበትን ጊዜና መድረሻውን ይጠይቃችኋል። ፈቃድ መግዛት ለሚከብዳችሁ ጀርመን የሚገኘው የዩሊሽ የምርምር ማዕከል የሚያዘጋጀው ጁፔድሲም አለ። ነፃና ክፍት ነው፣ በፓይተን ይሠራል። ካርታውን ለማውጣት ደግሞ ፔድፓይ የሚባል ተጓዳኝ አለው፣ እሱም በነፃ ነው። የፓይተን መሠረታዊ ነገር የሚያውቅ ተማሪ በጥቂት ቀን ይለምደዋል።

ሁሉንም ሰው በአንድ ፍጥነት አታስኪዱ። ሰፊ ቦታ ላይ የአዋቂ ሰው አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 1.34 ሜትር አካባቢ ነው ተብሎ በሰፊው ይሠራበታል። ደብር ግቢ ውስጥ ግን መቋሚያ የያዙ አዛውንቶች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች አሉ። ስለዚህ ቀርፋፋውን ወገን በደንብ ወክሉት።

ከዚያ ካርታ ከማውጣታችሁ በፊት በእጅ አስሉ። የእንግሊዝ የስፖርት ሜዳዎች የደህንነት መመሪያ በደልዳላ ወለል ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው፣ በደረጃ ላይ 66 ሰው ያልፋል ብሎ ያሰላል። የኛ በር 2.5 ሜትር ነው የቀረው፣ ስለዚህ በደቂቃ 205 ሰው። 3000 ሰው ለመውጣት 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። ሕዝቡ በ5 ደቂቃ ውስጥ በሩ ጋ ከደረሰ፣ በ5ኛው ደቂቃ የወጣው 1025 ነው። 1975 ሰው ቆሟል። በካሬ ሜትር 4 ሆነው ቢቆሙ ወደ 500 ካሬ ሜትር ይዘዋል። ይህን ቁጥር ያዙት። ሲሙሌሽናችሁ በ6 ደቂቃ ሁሉም ወጣ ካላችሁ አንድ ነገር ተበላሽቷል፣ ምናልባት ሰዎቹ በእንቅፋቱ ውስጥ እያለፉ ነው። 40 ደቂቃ ካላችሁም እንዲሁ፣ አንድ ማዕዘን ላይ የተጣበቁ ኤጀንቶች (የሞዴሉ ሰዎች) ይኖራሉ። አኒሜሽኑን ቁጭ ብላችሁ እዩት። አሰልቺ ነው፣ ግን የሚተካው የለም።

አንድ ጊዜ ብቻም አታስኪዱት። ሲሙሌሽን ውስጥ ዕጣ አለ፦ ማን መቼ ይነሣል፣ ማን በየት ይዞራል። የዕጣውን መነሻ ቁጥር እየቀየራችሁ ቢያንስ 10 ጊዜ አስኪዱት። አንዱ ላይ ብቻ የታየ ቀይ ነጥብና አሥሩም ላይ የታየ ቀይ ነጥብ እኩል አይደሉም።

ጥግግቱ እንዴት እንደሚቆጠር ወስኑ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ የሚያሳስተውም ይሄው ነው። ጥግግት ማለት በካሬ ሜትር ስንት ሰው አለ ማለት ነው። ግን የቱ ካሬ ሜትር?

ወለሉን በግሪድ ከፋፍላችሁ በየሳጥኑ የሚቆጥሩ አሉ። ሳጥኑ በጎኑ ግማሽ ሜትር ከሆነ ስፋቱ ሩብ ካሬ ሜትር ነው፣ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሲያልፍበት "በካሬ ሜትር 4 ሰው" ይላችኋል። ባዶ ግቢ ውስጥ አንድ ዲያቆን ሲሻገር መንገዱ ሁሉ ቀይ ይሆናል! ሳጥኑን 5 ሜትር ካደረጋችሁት ደግሞ በሩ ላይ የተጣበቀው ሕዝብ ከኋላው ካለው ባዶ ቦታ ጋር ተደባልቆ ይለሰልሳል።

የተሻለው፣ ብዙ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙበት፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ክብ አድርጎ መቁጠር ነው። የአንድ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ 3.14 ካሬ ሜትር ነው፣ ለብዙ ሥራ ይስማማል። እዚህም ወጥመድ አለ፣ እሱም ግድግዳው። ነጥቡ ግድግዳ ሥር ከሆነ የክቡ ግማሽ ግድግዳው ውስጥ ነው፣ ማንም የማይቆምበት። በቀረው ግማሽ 6 ሰው ቢኖር ትክክለኛው ጥግግት 3.8 ነው። ሶፍትዌሩ ግማሹን ካልቀነሰ ግን 1.9 ብሎ ይጽፍላችኋል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨፈለቀው ደግሞ ግድግዳና አጥር ሥር ነው። ስለዚህ ሶፍትዌራችሁ የሚረገጠውን ወለል ብቻ እንደሚቆጥር መመሪያው ውስጥ ፈልጉ፣ ወይም 10 ኤጀንት ግድግዳ ሥር አቁማችሁ ራሳችሁ ፈትኑት።

ሦስተኛው መንገድ ቮሮኖይ ይባላል። ለእያንዳንዱ ሰው ከሌላው ይልቅ ለሱ የሚቀርበውን ቦታ ይከልልለታል፣ ጥግግቱም አንድ ሲካፈል ለዚያ ቦታ ስፋት ነው። ፔድፓይ ውስጥ አለ። ብዙም አይዘልም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚለዋወጠው። ከባድ ስሌት ነው፣ 3000 ሰው ሲሆን ኮምፒውተራችሁን ያስጨንቀዋል። ሰፊውን ካርታ በክብ ሠርታችሁ በሩን ብቻ በቮሮኖይ ብትሠሩት እመክራለሁ።

ቀለሙን ከሁኔታው ጋር አዛምዱ

አብዛኛው ሶፍትዌር የሚጠቀምበት የቀለም ደረጃ አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ፍሩዊን በ1971 እ.ኤ.አ. ካወጣው የመጣ ነው። ከኤ (በጣም ሰፋ ያለ) እስከ ኤፍ (በጣም የተጨናነቀ) ስድስት ደረጃ አለው፣ ኤ ሰማያዊ፣ ሲ አረንጓዴ፣ ኤፍ ቀይ ሆኖ መሣል የተለመደ ነው። ግን መለኪያው አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው፦ ለሚሄድ ሰው፣ ደረጃ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው፣ ለቆመ ሰው።

ለሚሄድ ሰው በካሬ ሜትር ከ0.31 በታች ኤ ነው፣ እስከ 0.43 ቢ፣ እስከ 0.72 ሲ፣ እስከ 1.08 ዲ፣ እስከ 2.17 ኢ፣ ከዚያ በላይ ኤፍ። ለቆመ ሰው ድንበሮቹ 0.83፣ 1.08፣ 1.54፣ 3.57 እና 5.26 ናቸው። ልዩነቱን አያችሁት? በካሬ ሜትር 1.5 ሰው ቆሞ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ከሆነ ሲ ነው፣ ምንም አይደለም። እዚያው ጥግግት ላይ ሰው እየሄደ ከሆነ ኢ ነው፣ መተላለፍ ይከብዳል።

የኛ ደብር ሁለቱም አለው። ሥርዓቱ እስኪያልቅ ሰው ቆሟል፣ ስለዚህ በቆመ ሰው መለኪያ። ከዚያ በኋላ ይሄዳል፣ ስለዚህ በሚሄድ ሰው መለኪያ። የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ላይም እንደዚያው ነው፦ ደመራው እስኪለኮስ አንድ ነው፣ ሕዝቡ ወደየአቅጣጫው ሲበተን ሌላ ነው። ሁለት ካርታ አውጡ። አንዱን መለኪያ ለሁለቱም መጠቀም ወይ በከንቱ ያስደነግጣል፣ ወይ በከንቱ ያረጋጋል፣ ሁለተኛው ነው የሚያስፈራኝ።

አራቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ

አሁን ማውጣት። ስማቸው ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

አማካይ ጥግግት። ልክ እኔ የተሳሳትኩበት። ሒሳቡን እዩት፦ በሩ ፊት ያለ አንድ ቦታ በ120 ደቂቃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ 4 ሰው፣ ለቀረው 105 ደቂቃ 0.2 ሰው ነበረበት። አማካዩ 0.675 ይመጣል። ይሄ ሲ ነው። አረንጓዴ! ስለዚህ አማካይ ካርታ ስታወጡ የሰዓቱን ክልል ጠበብ አድርጉ፣ ለምሳሌ ታቦቱ ከገባበት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ከ45 ብቻ።

ሰዎቹ ያለፉበት ጥግግት። ማስሞሽን ውስጥ ለብቻው የተዘጋጀ የዚህ ዓይነት ካርታ አለ፣ በሌላው ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ቦታውን ሳይሆን ሰውን ነው የሚጠይቀው፦ "እዚህ ስታልፍ ምን ያህል ተጨናንቀህ ነበር?" ባዶ ሰዓት ላይ የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ ባዶው ሰዓት አያደበዝዘውም። ከላይ ያለውን ያንኑ ቦታ በዚህ መንገድ ስታሰሉት 3 ይመጣል፣ ኤፍ፣ ቀይ። አንድ ቦታ፣ አንድ ሲሙሌሽን፣ ሁለት ቀለም። አንድ ካርታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን ነው የምመርጠው።

ከፍተኛው ጥግግት። በየነጥቡ የታየውን ትልቁን ቁጥር ይይዛል። ማነቆውን ለማግኘት ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ለሁለት ሰከንድ የተፈጠረ መነካካትም ቀይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ካርታው ላይ ያለው ቀይ ሁሉ በአንድ ሰዓት የሆነ አይደለም። በሩ በ5ኛው ደቂቃ፣ መንገዱ በ12ኛው ደቂቃ ቀልቶ ሊሆን ይችላል። "ይህን ሁሉ ቦታ በአንዴ ሰው ሞልቶት ነበር" ብሎ ለሚያነብ ኃላፊ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከመጠን በላይ የቆየበት ጊዜ። አንድ ወሰን ትሰጡታላችሁ፣ ለምሳሌ በካሬ ሜትር 3 ሰው፣ እሱ ደግሞ በየቦታው ከዚያ በላይ የሆነበትን ደቂቃ ይቆጥራል። ለ20 ሰከንድ ቀይ የሆነ ቦታና ለ12 ደቂቃ ቀይ ሆኖ የቆየ ቦታ የሚለዩት እዚህ ነው። የጻፍነውን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰውም ይሄ ነው።

ከዚያ ቀይ በሆነው ቦታ ላይ አንድ ክልል አስምሩና በዚያ ክልል የጥግግቱን ግራፍ በየደቂቃው አውጡ። ካርታ የትን ይናገራል፣ ግራፍ መቼን። ግራፉ ወጥቶ ቶሎ ከወረደ አንድ ነገር ነው፣ ወጥቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ግን በሩ ከሚችለው በላይ ሰው እየመጣበት ነው።

ካርታው የማያሳያችሁ ነገር

ይሄን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። አብዛኞቹ ሞዴሎች ውስጥ ኤጀንቱ አይወድቅም፣ አይታነቅም፣ ከኋላ ያለው ግፊት ደረቱን አይጨምቀውም። አካሉ እንደ ክብ ስለተሣለ ጥግግቱ ከሆነ መጠን በላይ አይሄድም፣ ትርፉ ሰው ወደ ኋላ ይሰለፋል እንጂ። እውነተኛ ሕዝብ ግን ወደ ፊት ይገፋል። ፍሩዊን እንደጻፈው በካሬ ሜትር 7 ሰው ገደማ ሲደርስ ሕዝቡ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፣ ሰው በራሱ እግር መወሰን ያቆማል። በ2010 እ.ኤ.አ. በጀርመን ዱይስቡርግ የሙዚቃ ድግስ መግቢያ ላይ 21 ሰው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኮሪያ ሴኡል ኢቴዎን 3.2 ሜትር ገደማ በሆነች ጠባብ መንገድ ላይ 159 ሰው ያለቀው በዚህ ዓይነት መጨናነቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚሞተው ተረግጦ ሳይሆን ቆሞ መተንፈስ አቅቶት ነው።

ስለዚህ ካርታችሁ 4 ላይ ቆሞ ከሆነና ከኋላው ያለው ሰልፍ እየረዘመ ከሆነ "ከ4 አላለፈም" ብላችሁ አትጽናኑ። የሰልፉን ርዝመት እዩ። ቀዩ ቦታ ወደ ኋላ እየሰፋ ነው ወይ? ሰልፉ ደረጃ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ ወይም ማምለጫ የሌለው ኮሪደር ላይ ደርሷል ወይ? ከደረሰ ቁጥሩ ምንም ቢል አደጋ ነው ብላችሁ ጻፉ።

አንድ ነገር ቀይሩና አወዳድሩ

አሁን የጀርባውን 2 ሜትር በር ክፈቱ፣ በዋናው በር ያሉትን ሻጮች ወደ ጎን አንሡና 4 ሜትሩን ሙሉ አድርጉት። በወረቀት፦ 328 ሲደመር 164፣ በደቂቃ 492 ሰው። 3000ው ከ6 ደቂቃ ትንሽ በላይ ይበቃዋል። በ5ኛው ደቂቃ የሚቆመው 1975 የነበረው 540 ይሆናል። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ያውም አንድ ድንጋይ ሳይፈርስ።

ግን አንድ በአንድ ቀይሩ። መጀመሪያ ሻጮቹን ብቻ፣ ከዚያ በሩን ብቻ፣ ከዚያ ሁለቱንም። አለበለዚያ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ሰው ደግሞ በገባበት በር መውጣት ነው የሚወደው። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው በጀርባ በር ይወጣል ብላችሁ አትገምቱ፣ አሥር ከመቶ ብቻ ቢወጣስ ብላችሁም አስኪዱት። ይሄ ፈተና ነው "በሩን ክፈቱ" የሚለውን ምክር "በሩን ክፈቱ፣ አስተናባሪም አቁሙበት" ወደሚለው የሚቀይረው።

ካርታዎቹን ስታስቀምጡ የቀለም ወሰኑ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዳንድ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ካርታ ወሰኑን ራሱ ያስተካክላል፣ በዚህ የተነሣ የቀለለውም የከበደውም እኩል ቀይ ሆነው ይወጣሉ። ያንን አጥፉት። ቢቻል ደግሞ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው የቀነሰ አንድ የልዩነት ካርታ ጨምሩ፣ የት እንደተሻለና የት እንደባሰ ወዲያው ይታያል። ማነቆ አንድ ቦታ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ወይ ታክሲ መያዣው ጋ ይዛወራል። ስለዚህ ሞዴሉ በሩ ላይ አይቁም፣ ቢያንስ እስከ መንገዱ ይድረስ።

በእያንዳንዱ ካርታ ሥር አራት ነገር ጻፉ፦ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የክቡ ወይም የሳጥኑ መጠን፣ የትኛው መለኪያ፣ ስንት ጊዜ ተኪዶ። አንድ መስመር ነው፣ ያን ቀን አንጋፋው መሐንዲስ የጠየቁኝን ጥያቄ ሳይጠየቅ ይመልሳል።

የበዓሉ ዕለት ደግሞ ሄዳችሁ ቁጠሩ። በሩ ጎን ቆማችሁ በስልካችሁ ሰዓት ለአንድ ደቂቃ፣ ሰው በበዛበት ሰዓት አምስት ጊዜ። 205 ብላችሁ የገመታችሁት 170 ሆኖ ከመጣ የበሩን ስፋት ወይም ፍጥነቱን አስተካክሉና ካርታውን እንደገና አውጡት፣ የሚቀጥለው ዓመት ንግሥ ከመድረሱ በፊት።